የሶምሶን ወፍጮ ወይስ የዮሴፍ አደራ?



የዛሬው ጽሑፌ የተነሣው ከአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ሐሙስ ማታ በቤት ለቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ስለ ማረሚያ ቤት አገልግሎት እየተነጋገርን ነበር። ለታራሚዎች ሳሙናና ልብስ እናሰባስብ ስንባባል፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩ እናት እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀና አሉ። ልጃቸው ከስድስት ዓመት በፊት በጠብ መካከል ተገድሎባቸዋል። ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሯል።

«ፓስተር ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ልጄን የገደለው ሰው ቁጭ ብሎ የመንግሥት ቀለብ ይበላል። እኔ በሰባ ዓመቴ ፈትል ሸጬ እበላለሁ። አሁን ደግሞ ሳሙና ልግዛለት? ለምን ሠርቶ አይበላም?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን በልቤ «አሜን» ብያለሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማረሚያ ቤት ሄጄ የመስበክ ተራዬ ነበር። ስለ ጠፋው ልጅ ልሰብክ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የእኚያ እናት ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ ርዕሴን ቀየርኩና 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10ን አነበብኩላቸው። ሐዋርያው ሥራ ስለሚጠሉ ሰዎችና ስለ እንጀራቸው የሰጠውን ትእዛዝ አብራራሁ። ስለ ስንፍና፣ ስለ ላብ፣ የሌላውን ሰው ድካም ስለ መብላት በኃይል ተናገርኩ። አንዳንዶች «አሜን» አሉ። ብዙዎቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ቃሉ ልባቸውን ነካው ብዬ ደስ አለኝ።

ከጸሎት በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ወንድም ወደ እኔ ቀረበ። በውንብድና ተፈርዶበት የገባ፣ ጌታን ያገኘውም እዚያው ውስጥ ነው።

«ፓስተር፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ። «እኛ ሥራን እምቢ አላልንም። እምቢ ያለን ሥራው ነው። ይምጡ ላሳይዎት።»

ጥበቃውን አስፈቅዶ ወደ አንድ ቆርቆሮ ቤት ወሰደኝ። አሥራ ሁለት ሰዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ይሸምናሉ። ድሩ ተወጥሯል፤ መወርወሪያው ከወዲህ ወዲያ ይመላለሳል። ያንን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ ሸማኔ ነበር። «የሸማኔ ልጅ» መባል ስድብ በነበረበት ሰፈር ውስጥ በዚያ መወርወሪያ አሳድጎ አስተምሮኛል።

«አሥራ ሁለት የሽመና ዕቃ ነው ያለው» አለኝ። «እኔ ተራዬ እስኪደርስ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጠብቄያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስሠራ እንደ ነበር ያውቃሉ? ምንም። ግድግዳ ሳይ እውላለሁ፤ ወሬ ስሰማ አመሻለሁ። ሌብነት የጀመርኩት ውጭ ነው፤ የተማርኩት ግን እዚህ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ጊዜ ነው።»

ወገኖቼ፣ ያን ቀን በመንገድ ላይ አፈርኩ። ጥቅሱን ደግሜ ሳነበው ሐዋርያው የገሠጸው ለመሥራት ፈቃድ የሌለውን ሰው እንጂ ሥራ ያጣውን አይደለም። እኔ ግን የእኚያን እናት ሐዘን ይዤ፣ ውሃ ለጠማቸው ሰዎች ስለ ውሃ ጥቅም ሰብኬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝም። የተፈረደበት ሰው በእስራቱ ዘመን ሥራ እንዲሠራ መገደድ አለበት ወይስ የለበትም? መጽሐፍ ቅዱስንም ሕጉንም ገለጥ ገለጥ አደረግሁ።

አስቀድሜ ያየሁት ሥራ ከኃጢአት በፊት መሰጠቱን ነው። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው (ዘፍጥረት 2፥15)። እሾህና ወዝ በኋላ መጡ፤ ሥራው ግን ከመጀመሪያው ነበረ። ስለዚህ ሥራ በራሱ ቅጣት አይደለም። ሰውን ሥራ መንሣት ነው ቅጣቱ። ወንድሜ በዚያ በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ የተቀጣው ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ቅጣት ነበር።

ቀጥሎ በወህኒ ቤት ውስጥ የሠሩ ሁለት ሰዎች ታዩኝ። አንደኛው ሶምሶን ነው። ፍልስጥኤማውያን ዓይኑን አውጥተው፣ በናስ ሰንሰለት አስረው በእስር ቤት እህል አስፈጩት (መሳፍንት 16፥21)። ሁለተኛው ዮሴፍ ነው። የግዞት ቤቱ አለቃ እስረኞቹን ሁሉ በእጁ አደራ ሰጠው፤ በዚያ የሚደረገውን ሁሉ የሚያስተዳድረው እርሱ ሆነ (ዘፍጥረት 39፥20-23)።

ሁለቱም እስረኞች ነበሩ፤ ሁለቱም ሠርተዋል። ሶምሶን ግን ወፍጮውን ሲያዞር ቢውል የሚደርስበት ቦታ የለም፤ ዱቄቱም የእርሱ አይደለም፤ ሥራው የተሰጠው እንዲዋረድ ነው። ዮሴፍ በሐሰት ተከስሶ የገባ፣ ደመወዝም ያልተቆረጠለት ሰው ነው፤ ይህን በደል አላቃልለውም። ሆኖም አለቃው እንደ ሰው አየው፤ አመነው። በወህኒ የተለማመደው አስተዳደር በኋላ በረሃብ ዘመን ብዙዎችን መግቧል። እንግዲህ ጥያቄው «እስረኛ ይሥራ ወይስ አይሥራ» ብቻ አይደለም። የምንሰጠው የሶምሶንን ወፍጮ ነው ወይስ የዮሴፍን አደራ?

የሶምሶን ወፍጮ ደግሞ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1865 አሜሪካ ባርነትን በሕገ መንግሥቷ 13ኛ ማሻሻያ ስትሽር፣ ለወንጀል ቅጣት የሚሆነውን ለይታ አስቀረች። በዚያች ቀዳዳ ገብተው የደቡብ ክፍላተ ግዛት እስረኞችን፣ አብዛኞቹን ጥቁሮች፣ ለእርሻ ባለቤቶች፣ ለማዕድን ማውጫዎችና ለባቡር ሐዲድ ሠሪዎች አከራዩአቸው። ብዙ እስረኛ ማለት ብዙ ጉልበት፣ ብዙ ጉልበት ማለት ብዙ ትርፍ ሆነ። በአፍሪካም ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት ሳሉ ለዓመታት በኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሠርተዋል፤ የነጩ ድንጋይ ነጸብራቅና አቧራው ዓይናቸውን ጎድቶታል። ይህን ሳነብ ዓይኑን ያጣው ሶምሶን ትዝ አለኝ።

ዓለም ከዚህ ትንሽ ተምሯል። በ1930 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት የግዳጅ ሥራን ሲያወግዝ፣ በፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው የሚሠራውን ሥራ ከክልከላው አውጥቶታል፤ ሥራው በመንግሥት አካል ቁጥጥር ሥር እንዲሆንና እስረኛው ለግለሰብ ወይም ለኩባንያ እንዳይከራይ ግን ገድቧል። የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንብ ደግሞ በ1955 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፍርደኞች እንዲሠሩ ይገደዱ ይል ነበር። በ2015 ተሻሽሎ በማንዴላ ስም ሲጠራ፣ የመሥራት ዕድል ይኑራቸው በሚል ተተካ። ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ፣ ከክፍያው ከፊሉን ለቤተሰብ እንዲልኩ፣ ከፊሉም ለሚፈቱበት ቀን እንዲቀመጥላቸው ይላል። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንም ያዛል።

በአገራችን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው ተገዶ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ በሕግ መሠረት የታሰረ ሰው በእስራቱ ጊዜ የሚሠራውን ግን ከክልከላው ያወጣዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ደግሞ አንድ ፍርደኛ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ከፈጸመ በኋላ በአመክሮ የሚፈታው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ሲያሳይ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን ሲክስ ነው። ይህን ሳነብ የራሴን ስብከት አስታወስኩ። ሥራ ያልተሰጠው ሰው በየትኛው ሥራው ይመዘናል? ገንዘብስ ከየት አምጥቶ ይክሳል?

ጉዳዩን የፈታልኝ ኤፌሶን 4፥28 ነው። በዚያ ስለ ሌባ የተነገረውን ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ መጨረሻውን ግን እንደሚገባ አላየሁትም ነበር። ጳውሎስ ሌባው መስረቁን እንዲተው ይነግረዋል፤ በገዛ እጁ መልካሙን እየሠራ እንዲደክም ይነግረዋል። እዚያ ላይ አያቆምም። የሥራው ዓላማ ለተቸገረ ሰው የሚያካፍለው ነገር እንዲኖረው ነው ይላል። ይወስድ የነበረ እጅ የሚሰጥ እጅ እስኪሆን ድረስ የሌባው ንስሐ መንገዱን አልጨረሰም።

እስቲ ልብ በሉ፦ ሰው የሌለውን አይሰጥም። እስረኛው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንድ ሳንቲም ካልደረሰው፣ ለልጁ ደብተር መግዛት፣ የበደለውን ሰው መካስ፣ ለድሃ ማካፈል አይችልም። እንዲህ ያለው ሥራ ከሐዋርያው ትእዛዝ ግማሹን ፈጽሞ ግማሹን ይዘጋበታል። ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ስለሚያሠራ ሰው ነቢዩ ኤርምያስ ወዮታ ተናግሯል (22፥13)፤ ያዕቆብም የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ ጽፏል (5፥4)። ሁለቱም «ሠራተኛው እስረኛ ካልሆነ በቀር» አላሉም።

በዘጸአት 22 ያለውን ሕግም አስቡ። ሌባ የሰረቀውን ጨምሮ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ከሌለው በጉልበቱ ይከፍላል። ሕጉ ዓይኑን ከተሰረቀው ሰው ላይ አላነሣም። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ ከተቀበለ በኋላ ከተናገረው አንዱ ስለሚመልሰው ገንዘብ ነበር (ሉቃስ 19፥8)። እኛ ዛሬ በዳዩን እናስራለን፤ ተበዳዩን ግን እንረሳለን። የእኚያ እናት ጥያቄ ከዚህ መረሳት የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። በማረሚያ ቤቱ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ እስረኛ ሠርቶ ከሚያገኘው ለተበዳይ ቤተሰብ ቢከፍል ምን ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የልጄን ደም በብር አይመልስልኝም» አሉ። «ብታመጣልኝም አልቀበልህም።»

ሁለተኛውን ስኒ እስኪቀዱ ድረስ ዝም አልን። ከዚያ ቀስ ብለው «ግን እጁ ሥራ ይልመድ» አሉ። «ሲወጣ ደግሞ የሌላ እናት ልጅ አለ።»

ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከየትኛውም መምህር አልሰማሁም።

አሁን የምናዘዘው ነገር አለኝ። ያ የሽመናውን ቤት ያሳየኝ ወንድም ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በአመክሮ ተፈታ። በተፈታ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያናችን መጣ። በገዛ እጁ የሸመነው ጋቢ ይዞልኝ ነበር። «ፓስተር፣ ሥራ ፈልጌ ነው» አለኝ። «ለግቢው ዘበኛ እየፈለጋችሁ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። አንዱ «በውንብድና የታሰረን ሰው የምስጋና ሣጥን ባለበት ግቢ?» አለ። ሌላው «ተያዥ አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ተያዥ አልነበረውም። ዘመድ ርቆታል፤ ጓደኞቹ የትናንቶቹ ናቸው። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። ደመወዝ አለኝ፤ ሰው ያውቀኛል፤ «እኔ ተያዥ እሆነዋለሁ» ለማለት የጎደለኝ ነገር አልነበረም። እኔ ግን የለመድናትን ቃል ተናገርኩ፦ «እንጸልይበታለን።»

ወገኖቼ፣ ይህች ቃል ስንት ጊዜ እምቢታችንን እንደ ሸፈነች ጌታ ያውቃል። ወንድሜ ገባው። «ይሁን፣ ጌታ ይባርክዎ» ብሎኝ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውልለት ስልኩ አይሠራም። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ጋቢውን ተቀብዬ ሥራውን ከለከልኩት። ሥራ ይሥሩ ብዬ የሰበክሁትም እኔ፣ ሥራ ሲጠየቅ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

ጳውሎስ ስለ ኦናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ ያደረገውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የበደለህ ወይም ዕዳ ያለበት እንደ ሆነ በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ መተማመኛ ሰጠለት (ፊልሞና 18)። በእኛ ቋንቋ ተያዥ ሆነው ማለት ነው። ጌታችን ኢየሱስ በመስቀል ላይ ለእኔ የሆነልኝ ይህንኑ አይደለምን? ተያዥ ያገኘሁ ሰው ለሌላው ተያዥ መሆን ከበደኝ።

እንግዲህ ለእኚያ እናት ጥያቄ ዛሬ ብመልስ እንዲህ እላለሁ። አዎን፣ ተፈርዶበት የታሰረና ጤና ያለው ሰው መሥራት አለበት። «ካልፈለግህ ተኛ» ማለት ፍቅር አይደለም፤ ሰውነቱን መናቅ ነው። ነገር ግን «ሥራ» ብለን ከማዘዛችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን አራት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ሰውዬው በርግጥ ተፈርዶበታል ወይ? ገና በቀጠሮ የሚመላለስ ሰው ጥፋቱ አልተረጋገጠም፤ ከፈለገ ሥራ ይሰጠው እንጂ አይገደድ። ሁለተኛ፣ ፍሬው ወደ ማን ይሄዳል? ከድካሙ ለራሱ፣ ለልጆቹና ለበደለው ሰው የሚደርስ ድርሻ ይኑር፤ የአለቆች የግል እርሻ ወይም የነጋዴ ርካሽ ጉልበት አይሁን። ሦስተኛ፣ ሲወጣ የሚያኖረው ሙያ ነው ወይ? ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ብየዳ፣ ልብስ ስፌት፣ ግብርና ሊሆን ይችላል፤ ድንጋይ ከዚህ ወደዚያ ማመላለስ ግን የሶምሶን ወፍጮ ነው። አራተኛ፣ ዕረፍት አለው ወይ? የሰንበት ሕግ አገልጋይንም ባሪያንም ያሳርፋል (ዘዳግም 5፥14)፤ እስረኛ ከዚያ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

አንዳንዶች «ውጭ ያለው ወጣት ሥራ አጥቶ እያለ ለእስረኛ ሥራ?» ይሉኛል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ የእኔም ልጆች ሥራ ፈልገው ተንከራትተዋል። ነገር ግን ሥራ ሳይለምድ የሚወጣ ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ወጣት መካከል ነው። በርካሽ ጉልበት የውጭውን ሠራተኛ እንዳያፈናቅል ከፈለግን ደግሞ መልሱ ያው ነው፦ ለእስረኛውም ተገቢውን ዋጋ መክፈል።

ቀድሞ «ወህኒ ቤት» እንል ነበር፤ ዛሬ «ማረሚያ ቤት» እንላለን። ገበሬ ሲያርም አረሙን ነቅሎ እህሉን ያተርፋል። እህሉንም አረሙንም አብሮ የሚነቅል አላረመም። አረሙን ነቅሎ ሜዳ ላይ የሚተወውም ቤተ ክርስቲያን ሆና እንዳትገኝ እፈራለሁ። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ከወህኒ ሲወጣ ዮሴፍን ረሳው። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ሰብከን በበሩ ስንወጣ እንረሳለን። የዕብራውያን ጸሐፊ እስረኞችን አብረናቸው እንደ ታሰርን ሆነን እንድናስባቸው ያዘናል (13፥3)።

ባለፈው ዓመት ሽማግሌዎች ተመካክረን፣ ከማረሚያ ቤት ለሚወጡ ሰዎች ተያዥ ለመሆን ፈቃደኛ የሆኑ ይመዝገቡ ብለን በጉባኤ አስታወቅን። እስካሁን የተመዘገብነው ሦስት ሰዎች ነን። ሦስት ብቻ።

ለማረሚያ ቤቱ ሸማኔዎች ፈትል ስናሰባስብም በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት ልቃቂቶች አገኘሁ። የማን እንደሆኑ አልተጻፈባቸውም፤ ቀጭንና እኩል አፈታተላቸውን ግን የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ይቅር ብለዋል ብዬ አልጽፍም፤ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ፈትሉ ግን ሄዷል።

የወንድሜ ጋቢ ቤቴ አለ። በብርድ ሌሊት ስለብሰው የምጸልየው አንድ ጸሎት አለኝ፤ አብራችሁኝ ጸልዩ።

አባት ሆይ፣ በዳዩንም ተበዳዩንም አስብ። የታሰሩትን እጆች ሥራ አስለምድ፤ የተቀበሉትንም እንዲያካፍሉ ጸጋ ስጣቸው። ያዘኑትን እናቶች አጽናና። «እንጸልይበታለን» ብለን በርህን የዘጋንባቸውን ባሉበት አግኛቸው፤ ለእኛም አንድ ጊዜ እንደገና በራችንን እንዲያንኳኩ አድርግልን። ተያዣችን በሆነው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።